በዓልና የጥርስ ሕመም፤ ከአደባባይ ነቃይ እስከ ተረኛ ሐኪም

የጥርስ ሕመም ቀን አይመርጥም። በዘወትር ቀን የመጣበት ሰው ሐኪም ፍለጋ ይሄዳል፤ በበዓል ቀን የመጣበት ግን ከሕመሙ ሌላ የተዘጋ በር ይጠብቀዋል። ይህ ነገር በጣም የተለመደ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። የታሪክ ምስክርነት ግን ሌላ ነው። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ጥርሱን የታመመ ድኻ ነቃይ የሚያገኘው በተለይ በበዓልና በገበያ ቀን ነበር። በዓል በሩ የሚዘጋበት ቀን የሆነው ሙያው ከአደባባይ ተነሥቶ ወደ ክፍል ከገባ ወዲህ ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው ይህንኑ ለውጥ ነው። ሙያው ዕውቀትን ሲያገኝ ምን እንዳተረፈ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳጐደለም እንመረምራለን፤ በመጨረሻም ነገሩ ለአገራችን፣ ይልቁንም በዕረፍት ጊዜ ወደየአውራጃው ለሚበተነው ለተማሪው ወገን ምን እንደሚያስተምር እናመለክታለን። ዓመቶቹን የጻፍነው ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሕመሙና የጥንት ሰዎች አስተያየት

የጥንት ሰዎች ጥርስን የሚበላ ትል አለ ብለው ያምኑ ነበር። በባቢሎን አገር በሸክላ ጽላት ላይ ተጽፎ የተገኘ አንድ ድግምት፣ ትሉ በጥርስና በድድ መካከል መኖሪያ እንዲሰጠው አማልክትን ሲለምን ያሳያል። ይህ አሳብ በብዙ አሕዛብ ዘንድ ተሰራጭቶ ይገኛል። በእኛም ቋንቋ እህልን የሚበላው ነቀዝ ስሙን ለጥርስ አውሶ «ጥርሱ ነቀዘ» እንላለን። የተበላውን ጥርስ ለሚያይ ሰው ጕድጓዱ በእርግጥ የተባይ ሥራ ስለሚመስል፣ አሳቡ ያለ ምክንያት የተወለደ አይደለም። እውነተኛው ምክንያት በሚገባ የተገለጠው ግን በ1890 ነው። በዚያ ዓመት በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር፣ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ሕዋሳት ከምግብ የሚቀረውን ስኳርና ዱቄት ወደ አሲድ እየለወጡ ጥርስን እንደሚያሟሙ በመጽሐፉ አስረዳ።

ሕመሙ ቀላል ነገር እንዳልነበረ የሚመሰክሩ ሌሎች ማስረጃዎችም አሉ። በ249 ገደማ በእስክንድርያ በክርስቲያኖች ላይ ሁከት በተነሣ ጊዜ አፖሎንያ የምትባል አሮጊት ድንግል ጥርሶቿ በድብደባ እንደ ረገፉ፣ የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ዲዮናስዮስ በደብዳቤ ጽፏል፤ ደብዳቤውንም የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ አቈይቶልናል። በኋላ ዘመን የምዕራብ ክርስቲያኖች ይህችን ሰማዕት የጥርስ ሕመምተኞች አማላጅ አድርገው በፌብሩዋሪ 9 ቀን ያከብሯት ጀመር። ለአንድ ሕመም ራሱን የቻለ በዓል መመደቡ የሕመሙን ክብደት ይናገራል። ጆን ግራውንት በ1662 ባሳተመው የለንደን የሞት መዝገብ ጥናት ውስጥም «ጥርስና ትል» የሚል የሞት ምክንያት ተጽፎ ይገኛል። በዚህ ስም የተመዘገቡት ብዙዎቹ ጥርስ በማውጣት ዕድሜ ላይ የነበሩ ሕፃናት መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም፤ ይሁን እንጂ ከጥርስ ሥር የሚነሣ መግል ዐዋቂንም እንደሚገድል ዛሬ በሚገባ የታወቀ ነው።

የበዓል ቀን ነቃዮች

በመካከለኛው ዘመንና ከዚያም በኋላ በአውሮፓ ትልልቆቹ ገበያዎች የሚቆሙት የቅዱሳንን በዓል ተከትለው ነበር። ከ1133 እስከ 1855 የቈየው የለንደኑ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ገበያ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ገበሬው ሥራውን ትቶ፣ የበዓል ልብሱን ለብሶ፣ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ወደ ከተማ ይወጣል። ሻጩም፣ አዝማሪውም፣ ገመድ ላይ የሚሄደውም፣ ጥርስ ነቃዩም የሚጠብቁት ይህንኑ ቀን ነው። ነቃዩ መድረክ ተክሎ፣ ከበሮና መለከት አስመትቶ፣ የነቀላቸውን ጥርሶች በክር ሰክቶ እንደ ሐብል በአንገቱ አንጠልጥሎ ይቆማል። የከበሮው ድምፅ ሕዝብ ይሰበስባል፤ የበሽተኛውንም ጩኸት ይሸፍናል።

የዘመኑ ሠዓሊዎች ይህን ትርኢት ደጋግመው ሥለውታል። በ1523 ሉካስ ፋን ላይደን በቀረጸው ሥዕል ነቃዩ በበሽተኛው አፍ ውስጥ ሲሠራ አንዲት ሴት ከኋላ ሆና የበሽተኛውን ኪስ ትዳብሳለች። የቬኒሱ ፒየትሮ ሎንጊ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በሣለው ሥዕል ደግሞ ነቃዩ የነቀለውን ጥርስ ከፍ አድርጎ ለሕዝብ ያሳያል፤ ከተመልካቾቹ አንዳንዶቹ የበዓል ጭምብል አድርገዋል። ሠዓሊ የሚያስቅ ነገር እንደሚመርጥ ስለምናውቅ ሥዕልን ብቻ ተከትሎ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ሥዕሎቹና መጻሕፍቱ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ነቃዩ ሕዝብ ባለበት፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቀን ይገኝ እንደ ነበር ነው።

ከእነዚህ ነቃዮች ሁሉ በስም የገነነው በፓሪስ ከተማ በፖን ኔፍ ድልድይ ላይ ይሠራ የነበረው ዣን ቶማ ነው። በአካሉ ግዙፍነት «ታላቁ ቶማ» ይሉት ነበር። በ1729 የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ በተወለደ ጊዜ ይህ ሰው በደስታው ምክንያት ለ15 ቀን ጥርስ በነጻ እንደሚነቅል አስታወቀ፤ በድልድዩም ላይ ለሕዝብ ግብዣ እንደሚያደርግ ቃል ገባ። ፖሊስ ግን ግብዣውን ስለ ከለከለ፣ ተሰብስቦ የመጣው ሕዝብ ተቈጥቶ የቶማን ቤት መስኮቶች ሰባበረ። ታሪኩ ቢያስቅም ልናስተውለው የሚገባ ቁም ነገር አለው። ሰውየው የአገሩን ደስታ ለማክበር ያሰበው በሩን በመዝጋት ሳይሆን ጉጠቱን ይዞ በመውጣት ነው።

የእነዚህ ሰዎች ሙያ ግን ምን ያህል ነበር? መልሱ የሚያሳዝን ነው። ከእነርሱ ብዙ ዘመን አስቀድሞ በስፔን ምድር በቆርዶባ አጠገብ የኖረው ዐረባዊ ቀዶ ሐኪም አቡል ቃሲም አል ዘህራዊ፣ በሽተኛ ሕመሙ አታሎት ደኅናውን ጥርስ የታመመ እንደሚመስለው፣ አላዋቂ ጸጉር አስተካካዮችም በችኮላ እየነቀሉ ጉዳት እንደሚያደርሱ በመጽሐፉ አስጠንቅቆ ነበር። ይህ ሊቅ የሞተው በ1013 ገደማ ነው። የመንቀያ መሣሪያዎችን ሥዕል ከነአሠራራቸው ትቶልናል፤ የተነቃነቀውንም ጥርስ በወርቅ ክር ማሰር እንደሚቻል አስተምሯል። የገበያው ነቃይ ግን ይህን ትምህርት አያውቅም ነበር። መንጋጭላ የሰበረ፣ ድድ የቀደደ፣ ሥሩን በውስጥ ያስቀረ ነቃይ፣ ቁስሉ መግል በሚይዝበት ቀን ከሌላ ከተማ ገበያ ደርሷል። ስለዚህ ነቃዩ በበዓል ቀን መገኘቱን ስናመሰግን በማግሥቱ መታጣቱን መርሳት የለብንም።

ሙያው ወደ ክፍል መግባቱ

በፈረንሳይ አገር በ1699 በወጣ የንጉሥ ትእዛዝ ጥርስ የሚያክሙ ሰዎች «የጥርስ ዐዋቂ» ተብለው በፈተና እንዲታወቁ ተደረገ። ከዚህ በኋላ በ1728 ፒየር ፎሻር «የጥርስ ቀዶ ሐኪም» የሚለውን መጽሐፉን በሁለት ክፍል አሳተመ። ፎሻር የትሉን ወሬ አልተቀበለም፤ መንቀልም የመጨረሻ መድኃኒት እንጂ የመጀመሪያ አለመሆኑን አስተማረ። የአደባባይ ነቃዮችንም ተንኰል ገልጧል። ነቃዩ በደመወዝ የያዘው ሰው ከሕዝቡ መካከል እንደ በሽተኛ ሆኖ ይወጣል፤ በአፉ ውስጥ በስስ ቆዳ የተጠቀለለ ጥርስና የዶሮ ደም አስቀድሞ ደብቋል። ነቃዩ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ያው ደም የነካው ጥርስ ይወጣል፤ ሰውየውም አንዳች አልተሰማኝም ብሎ ይምላል። ይህን አይቶ የቀረበው እውነተኛ በሽተኛ ግን የሚደርስበትን ያውቀዋል።

ፎሻር ያቀናው መንገድ የክፍል መንገድ ነው። በሽተኛ ወደ ሐኪሙ ቤት ይመጣል፤ በወንበር ይቀመጣል፤ በብርሃን ይመረመራል፤ ነገም ተመልሶ ሊጠይቅ ይችላል። በ1840 በአሜሪካ በባልቲሞር የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ሲከፈት ሙያው የትምህርት ቤት ሙያ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር እንመለከታለን። የተማረው ሙያ ትርኢትን እየናቀ በሄደበት ዘመን ከትርኢት መድረክ ትልቅ ስጦታ አገኘ። በዲሴምበር 10 ቀን 1844 በሃርትፎርድ ከተማ ጋርድነር ኮልተን የሚባል ሰው የሚያስቅ ጋዝ እያሸተተ ሕዝብን ያዝናና ነበር። ከተመልካቾቹ መካከል የጥርስ ሐኪሙ ሆራስ ዌልስ ይገኝ ነበር። ጋዙን ከሸተቱት አንዱ እግሩ ሲጋጭና ሲቈስል ሕመሙ እንዳልተሰማው ዌልስ አስተዋለ። በማግሥቱ ጋዙን ራሱ ሸትቶ ጓደኛው ጆን ሪግስ መንጋጋውን ነቀለለት፤ ሕመምም አልተሰማውም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሴፕቴምበር 30 ቀን 1846፣ ወደ ማታ ገደማ፣ ኤበን ፍሮስት የሚባል ጥርሱ የጠናበት ሰው ወደ ቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ወደ ዊልያም ሞርተን መጣ። ሞርተን በኤተር አደንዝዞ ያለ ሕመም ነቀለለት። ሞርተን በኦክቶበር 16 ቀን በቦስተን ሆስፒታል ለቀዶ ሕክምና በሐኪሞች ፊት ኤተርን የሰጠው ከዚህ ማታ በኋላ ነው። እንግዲህ ለዓለም ሁሉ ማደንዘዣን ካቀኑት ቀኖች አንደኛው የመዝናኛ ምሽት ሲሆን፣ ሌላው ቀኑ ካለቀ በኋላ በሩን ያልዘጋ ሐኪም ያገኘው በሽተኛ ነው።

በዓሉ በሩን ሲዘጋ

በእንግሊዝ አገር ሁለት ሕጎች በሰባት ዓመት ልዩነት ወጡ። በ1871 የወጣው ሕግ ባንኮች የሚዘጉባቸውን የበዓል ቀኖች ወሰነ፤ ቀስ በቀስም ሌሎች የሥራ ቤቶች ይህንኑ ተከተሉ። በ1878 የወጣው ሕግ ደግሞ «የጥርስ ሐኪም» የሚለውን ስም በመዝገብ ለተጻፉት ብቻ ለየ። ያልተመዘገበ ሰው ጥርስ እንዳያክም ፈጽሞ የተከለከለው በ1921 ነው። ሁለቱም ሕጎች መልካም ነበሩ፤ ሠራተኛው ዕረፍት አገኘ፣ በሽተኛውም ከአታላይ ዳነ። ነገር ግን ሁለቱ ሲገናኙ ማንም ያላሰበው ውጤት ተከተለ። በበዓል ቀን የሚገኘው ነቃይ በሕግ ተከለከለ፤ የተፈቀደለት ሐኪም ደግሞ በበዓል ቀን አልተገኘም። ቀድሞ ድኻው ያገኝ የነበረው ሰው ያለ ዕውቀት ነበር፤ አሁን ደግሞ ዕውቀቱ ያለ ሰው ሆነ።

ይህን ጕድለት ለመሙላት ልዩ ልዩ አገሮች ተራን ሥርዐት አድርገዋል። በፈረንሳይ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በየክፍለ አገሩ እሑድንና የበዓል ቀኖችን በተራ የሚጠብቁ ሐኪሞችን ይመድባል። በእንግሊዝ በሽተኛው በ111 ስልክ ደውሎ የት እንደሚሄድ ይነገረዋል። የተረኛው ሐኪም ሥራ ጥርሱን ሁሉ መጠገን አይደለም፤ ሕመሙን ማስታገሥ፣ መግሉን ማፍሰስ፣ ደሙን ማቆም፣ የቀረውንም ለሥራ ቀን ማስተላለፍ ነው። በዚህ ሥርዐት የቶማ መገኘትና የፎሻር ዕውቀት በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ ለማለት ይቻላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችን ጥርስ ሲነቅል የኖረው በየመንደሩ ያለው ወጌሻ ነው። የተሰበረ አጥንት እንደሚያቀና ሁሉ የታመመ ጥርስም በጉጠት ያወጣል። የሰፈር ሰው በመሆኑ እንደ አውሮፓው ነቃይ በማግሥቱ አይሰወርም፤ በዚህ ይበልጠዋል። ያለ ማደንዘዣና በሚገባ ባልጸዳ መሣሪያ መሥራቱ ግን ትልቅ አደጋ ነው። ዘመናዊ ሕክምና በ1896 ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ከመጣው ከሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጀምሮ በአዲስ አበባ ሥር እየሰደደ ሄዷል፤ የጥርስ ሐኪም ግን እስከ ዛሬ ድረስ በይበልጥ የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው። ተማሪው በበዓል የሚሄደው ደግሞ ከከተማ ወደ ገጠር፣ ማለት ሐኪም ካለበት ወደ ሌለበት ነው።

በዓሎቻችንም ለጥርስ የሚራሩ አይደሉም። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በፋሲካ ሥጋውና አጥንቱ በአንድ ቀን ይመጣል። በቡናው ዙሪያ የሚቀርበው ቆሎና ያልፈነዳ የፈንድሻ ፍሬ የተቦረቦረውን መንጋጋ ይሰነጥቃል። የገና ጨዋታ በሚጫወቱበትም አገር ቈልማማው ዱላና የእንጨቱ ሩር የፊት ጥርስ ማውለቃቸው አይቀርም። እንግዲህ ከበዓሉ በፊት ያመመውን ጥርስ ማሳየት የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። ካመለጠ ደግሞ ታሪኩ ያስተማረውን ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ከሥሩ የወጣ የዐዋቂ ጥርስ አይጣልም። ሥሩን ሳይነኩ በላይኛው ወገን ይዞ፣ ቢቈሽሽ በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ፣ ወዲያውኑ በቦታው መመለስና ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ሐኪም መፈለግ ይገባል። መመለሱ ካልተቻለ በወተት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ የተመለሰ ጥርስ የመዳን ተስፋው ከፍ ያለ ሲሆን ከ1 ሰዓት በኋላ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። የሕፃን የወተት ጥርስ ግን ከሥሩ የሚበቅለውን እንዳይጐዳ አይመለስም።

ሁለተኛ፣ ለሚጠዘጥዝ ጥርስ አፍን ለብ ባለ የጨው ውሃ መጕመጥመጥና በልክ የሚወሰድ የሕመም ማስታገሻ ይረዳል። እናቶቻችን በጥርስ ላይ የሚያኖሩት ቅርንፉድ በዘይቱ ውስጥ የሚያደነዝዝ ነገር ስላለው ለጊዜው ያስታግሣል። አስፕሪንን ወይም ነጭ ሽንኩርትን በድድ ላይ ማኖር ግን ሥጋውን ያቃጥላል። ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ መዋጥም የታመመውን ጥርስ አያድነውም። ተነቅሎ የሚደማ ከሆነ የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ በቦታው አድርጎ 20 ደቂቃ ያህል ሳያነሡ መንከስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ መጠበቅ የማይገባውን ማወቅ ነው። በ1836 ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፎን ሉድቪግ ከመንጋጭላ በታች በፍጥነት የሚያብጥና የሚገድል በሽታ ገለጠ። ከዚያም ወዲህ እንደ ታወቀው በሽታው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከታችኛው መንጋጋ ሥር ነው። እብጠቱ ወደ ዐይን ወይም ወደ አንገት የወረደበት፣ አፉን መክፈት ወይም ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ትኩሳት የያዘው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው የጥርስ ክሊኒክ እስኪከፈት አይጠብቅም። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት። በዓል ነውና ዘመድ አይረበሽ ማለት እዚህ ላይ ትሕትና አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የጥርስ ሕክምና ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው አላዋቂው ነቃይ እንደ ተሸነፈና ሐኪሙ እንዳሸነፈ ተደርጎ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የገበያው ነቃይ አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ቀን ይገኝ ነበር። ሙያው ይህን ሰው ሲያባርር መገኘቱን አብሮ አባረረው፤ ተራ ያቆሙት አገሮች በብዙ ድካም መልሰው ያመጡትም ይህንኑ ነው።

በእኛ አገር ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ከዐቅም በላይ አይመስለንም። በየከተማው ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ለዋና ዋናዎቹ በዓሎች ተራ ቢገቡ፣ የተረኞቹም ስምና ስልክ ከዋዜማው በፊት በየሆስፒታሉ በር፣ በየቀበሌውና በየተማሪው ማደሪያ ቢለጠፍ፣ ብዙ ሰው አንድ ሌሊት ሙሉ ከመጮኽ ይድናል። በገጠር ላለውም ወጌሻ የትኛውን በሽተኛ ሳይነካ ወደ ሆስፒታል መላክ እንደሚገባው ማስተማር ሕይወት ማዳን ነው። የጤና ትምህርት የሚማሩ ጓደኞቻችን ይህን ጉዳይ በየአውራጃቸው ቢያጠኑት፣ ማለት በበዓል ሳምንት ስንት ሰው በጥርስ ምክንያት ወደ ሆስፒታል እንደ መጣና ከየት እንደ መጣ ከመዝገብ ቢያወጡ፣ እኛ ከታሪክ መጻሕፍት የጀመርነውን ሥራ በተሻለ ማስረጃ ሊፈጽሙት ይችላሉ።